ስለ ጉበት በሽታ፤ መነሻውም በጨፌው፥ በማረጃውና በአውድማው ስለ መሆኑ

በደጋው አገር በየቄራው ከብት ታርዶ ሆዱ በተከፈተ ጊዜ፥ ከሌላው የሆድ ዕቃ ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ተቈርጦ የሚጣለው ጉበት ነው። መርማሪው ጉበቱን ሲሰነጥቅ ቢላዋው በአሸዋ ላይ እንደ ተጐተተ ይንኳኳል፤ የሐሞቱ መሄጃ ቧንቧዎች ወፍረውና እንደ ኖራ ጠጥረው ይገኛሉና። ከተሰነጠቀውም ቧንቧ ውስጥ ከጠቈረ ሐሞት ጋር፥ ቅጠል የመሰሉ ጠፍጣፋ ትሎች ይወጣሉ። ባለቤቱ ግን በሬው በሽተኛ እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ አያውቅም። የሚያውቀው ካምና ይልቅ ዘንድሮ እንደ ሰነፈ፥ ቀንበሩ እንደ ከበደው፥ መኖም እየበላ እንደ ከሳ ብቻ ነው።

የጉበት በሽታ በከብትም ሆነ በሰው አካል ውስጥ የሚታይ ቢሆን፥ ብዙው የሚፈጠረው ከአካል ውጭ ነው። ከብቱ በሚውልበት ጨፌ፥ ሥጋ በሚታረድበት ስፍራ፥ እህልም በሚወቃበት አውድማ ላይ ተፈጥሮ ወደ ሆድ ይገባል። ነገሩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የአገር ገዢና የወረዳ ሹም ጉዳይ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ሐኪሙ በሬውን ለማከም ይችላል፤ ጨፌውን ለማንጣፈፍ፥ የምንጩን ዙሪያ ለማሳጠር፥ የማረጃውንም ሥርዐት ለማስከበር ግን ሥልጣን የለውም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ስለ ጉበት ትል ነው። ይህ ትል በአገራችን ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ሊቃውንት ፋሲዮላ ሄፓቲካ የሚሉት ሲሆን፥ ርዝመቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሣንቲሜትር ይደርሳል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ባለው ደጋ ይበዛል። ሁለተኛው ፋሲዮላ ጊጋንቲካ የሚባለው ረዥሙ ነው፤ ከ1,200 ሜትር በታች ባለው ቈላ ይገኛል። በመካከሉ ባለው ወይና ደጋ ሁለቱም ተቀላቅለው ይኖራሉ። እንግዲህ በዚህ አገር ውሃ የሚተኛበት ሣር ካለ፥ ደጋ ነው ወይም ቈላ ነው ተብሎ ከዚህ ትል ነጻ ነው የሚባል መሬት ጥቂት ነው።

ትሉ በጉበት ውስጥ ባለው የሐሞት ቧንቧ ተቀምጦ ደም እየመጠጠ ይኖራል፥ እንቍላልም ይጥላል። አንዲቱ ትል በቀን የምትጥለው እንቍላል እስከ 20,000 ይደርሳል። እንቍላሉ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይወርድና በእበትና በበጠጥ ወደ መሬት ይወጣል። በደረቅ መሬት ላይ የወደቀው ይሞታል። በውሃ ወይም በእርጥብ ጭቃ የወደቀው ግን፥ ሙቀቱ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈልና በዐይን የማይታይ ዋናተኛ ፍጥረት ይወጣዋል። ይህም ፍጥረት ዕድሜው አንድ ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይጠፋል። ካገኘ ግን በትንሺቱ የጭቃ ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ አንዱ የገባው ከ600 በላይ ሆኖ ከሳምንታት በኋላ ይወጣል። የወጡትም ጭራቸውን እየነቀነቁ በውሃው ይዋኙና በሣሩ ግንድ ላይ ተጣብቀው ጭራቸውን ይጥላሉ፥ በጠንካራ ቅርፊትም ይሸፈናሉ። እንዲህ ሆነው እርጥበት እስካልጠፋ ድረስ ለወራት ከብቱን ይጠብቃሉ።

ከብቱ ያንን ሣር በበላ ጊዜ፥ ቅርፊቱ በአንጀት ውስጥ ይፈርሳል። ጥቃቅኑም ትል አንጀቱን በስቶ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያህልም የጉበቱን ሥጋ እየቦረቦረ ይመላለሳል። ከዚያ በኋላ በሐሞቱ ቧንቧ ይሰፍራል። ከተበላበት ቀን አንሥቶ እንቍላል መጣል እስከሚጀምርበት ከአሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ይህ ቍጥር መታወስ አለበት፤ ስለ መድኃኒት በሚነገርበት ጊዜ ይፈለጋልና።

የበሽታው መልክ በበግና በበሬ አንድ አይደለም። በግ ብዙ ትል በአንድ ጊዜ የበላ እንደ ሆነ፥ ትሉ ገና ጉበቱን ሲቦረቡር ደም በሆዱ ውስጥ ፈሶ በድንገት ይሞታል፤ ትናንት ሲግጥ የዋለ በግ ዛሬ ወድቆ ይገኛል። ይህ የሚሆነው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት ነው። በጥቂት በጥቂቱ የበላው ደግሞ ይከሳል፥ ጠጕሩ ይነቀላል፤ የዐይኑ ቆብ ቢገለጥ ደም አጥቶ ነጥቶ ይታያል፤ ከአገጩም በታች ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል። እረኞች ይህንን እብጠት ዐይተው በጉ እንደ ወፈረ የሚያስቡበት ጊዜ አለ፤ በነጋታው የሚቀንስ፥ ሲግጥ ውሎ አንገቱን ሲያዘነብል ደግሞ የሚጨምር ስለ ሆነ ከስብ ለመለየት አያስቸግርም። በሬና ላም ግን በድንገት የሚሞቱበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጉበታቸው እየጠነከረ ለዓመታት ይኖራሉ፤ ወተቱ ይጐድላል፥ ጊደሪቱ ለመጥቃት ትዘገያለች፥ በሬውም በእርሻ ወራት እኩለ ቀን ሳይደርስ ይተኛል። ሞት ስላልታየ ጉዳቱን የሚቈጥረው ሰው የለም፤ ነገር ግን ሳይታረስ የቀረው መሬት ያው ኪሳራ ነው።

በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ አደጋ አለ። በአፈር ውስጥ የሚኖር ክሎስትሪዲየም ኖቪ የሚባል ተሐዋሲ፥ በደኅና ጉበት ውስጥ ተኝቶ ምንም ሳያደርግ ይኖርና ትሉ ጉበቱን ሲቦረቡር ይነሣል። የሚገድለውም ብዙ ጊዜ የወፈረውን በግ ነው። የሞተው በግ ሲገፈፍ ከቈዳው በታች ጠቍሮ ስለሚገኝ በሌላ አገር ጥቍር በሽታ ይሉታል። ለዚህ ክትባት አለው፤ መንሥኤው ትሉ መሆኑ ግን አይዘነጋ።

የዚህ ትል ነገር በአውሮፓ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1379 ዣን ደ ብሪ የሚባል ፈረንሳዊ እረኛ ለንጉሡ ለአምስተኛው ሻርል ስለ በግ አጠባበቅ ባቀረበው ጽሑፍ ውስጥ ጠቅሶታል፤ ነገር ግን ትሉ በጨፌ ከሚበቅል ቅጠል የሚመጣ መስሎት ነበር። ሰውየው ስፍራውን አልሳተም፥ ምክንያቱን ብቻ ሳተ። ከዚህ በኋላ 500 ዓመት ያህል አልፎ፥ በ1879ና በ1880 ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት በእንግሊዝ አገር ሦስት ሚሊዮን ያህል በግ በዚህ በሽታ አለቀ። የንጉሣዊው የእርሻ ማኅበር ገንዘብ ቈርጦ በኦክስፎርድ ምርመራ እንዲደረግ አስደረገ፤ አልጀርኖን ቶማስ የተባለው ወጣት ሊቅ፥ በጀርመን አገርም በላይፕዚክ ሩዶልፍ ሎይካርት፥ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መርምረው የቀንድ አውጣዪቱን ነገር ደረሱበት። ምርመራቸውም እስከ 1883 ድረስ ታትሞ ወጣ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ትሉ ያለ ቀንድ አውጣ፥ ቀንድ አውጣዪቱም ያለ እርጥብ ጭቃ ለመኖር እንደማይችሉ የማያከራክር ነገር ሆኗል።

መድኃኒት የለም ማለት አይደለም። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው በዚህ ላይ ነው። በየገበያው በብዛት የሚሸጠው አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን፥ ማለት በሐሞት ቧንቧ የሰፈረውን ትል ብቻ ነው፤ ጉበቱን በመቦርቦር ላይ ያለውን ሕፃኑን ትል አይነካውም። ስለዚህ በጥቅምት በጎቹ እየሞቱ ሳለ አልቤንዳዞል ያዋጠ ሰው፥ በጎቹ መሞታቸውን ባለማቆማቸው መድኃኒቱን ሐሰተኛ ነው ብሎ ይከሳል። ለዚህ ጊዜ የሚሆነው በ1983 የወጣው ትራይክላቤንዳዞል ነው፤ እርሱ ሕፃኑንም ትልቁንም ይገድላል። ነገር ግን የበጉን ክብደት በግምት ብቻ እየገመቱ አሳንሶ መስጠት ትሉን መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል። በአውስትራልያ በ1995 መድኃኒቱን የተቋቋመ ትል በበጎች ላይ መገኘቱ ተጽፏል። አልቤንዳዞልም ለጋ እርግዝና ላላት በግ አይሰጥም፤ ግልገሉን ያበላሻልና።

የሚሰጥበትም ወራት በአዝመራው ሥርዐት ይወሰናል። በዝናቡ ማብቂያ የተበላው ትል በጥርና በየካቲት አድጎ ስለሚገኝ፥ አልቤንዳዞል የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ በግንቦት ነው፤ ይህም ከብቱን ለማዳን ብቻ ሳይሆን፥ ዝናቡ ሲጀምር እንቍላል በጨፌው ላይ እንዳይዘራ ነው። አንድ ባለ ከብት ብቻውን ቢያደርገው ግን ዋጋ የለውም፤ ጨፌው የጋራ ነውና የጎረቤቱ ከብት መልሶ ይዘራበታል። አህያም ይህንን ትል ስለሚሸከም፥ በሬና በጉ ታክመው አህያው ቢቀር ድካሙ ሁሉ ጐደሎ ይሆናል። ቀኑን ወስኖ የመንደሩን ከብት ሁሉ በአንድ ሳምንት ማሳከም የሚቻለው ሹሙ ሲያዝ ነው።

አሁንም ከመድኃኒቱ ይልቅ መሬቱ ይበልጣል። የሣሩን ጠባይ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፥ ከብቱ ወደ ጨፌው የሚወርደው በክረምት አይደለም። በክረምት ኰረብታው ሁሉ ለምለም ነው፤ ጨፌውም በውሃ ተሞልቶ አያስገባም። ከብቱ የሚወርደው በበጋ፥ ሜዳው ሁሉ ደርቆ ጨፌው ብቻ ሲለመልም ነው። በጣና ዙሪያ በፎገራ፥ ርብና ጕማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ውሃው ሲሸሽ ከብቱ ለምለሙን ሣር እየተከተለ ይወርዳል። ትሉም ተጣብቆ የሚጠብቀው በዚያው ውሃው በሸሸበት ሣር ላይ ነው። ከብቱን ከረኀብ ያዳነው ግጦሽ ጉበቱን የሚያበላሸው ስለ ሆነ፥ ጨፌውን ፈጽሞ ከልክሎ ሌላ መኖ አለመስጠት አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢወጣም የሚፈጸም አይሆንም።

የሚቻለው ነገር ሌላ ነው። የጨፌው ሣር ታጭዶ በፀሓይ በደንብ ከደረቀና ተከምሮ ከቈየ፥ ትሉ በድርቀት ይሞታልና ለከብት ያለ ብዙ ስጋት ይሰጣል፤ እርጥቡን ሣር አጭዶ በዚያው ቀን ለታሰረ በሬ ማብላት ግን በጨፌው ላይ ከማሰማራት አይሻልም። በግ ከበሬ ይልቅ ቶሎ ስለሚሞት፥ በጎችን ከውሃው ዳር አርቆ ማሰማራት ይገባል። ውሃ የሚተኛበት ጐድጓዳ ትንሽ ከሆነ፥ በጥቂት ሰው ጕልበት ቦይ ተቀዶ ይጠፋል። ምንጭ ባለበት፥ ዙሪያው በእሾህ ታጥሮ ውሃው በቦይ ወደ ገንዳ ይሳብ፤ ገንዳውም ድንጋይ በተነጠፈበት ደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። ከብት ሲጠጣ በምንጩ ውስጥ ገብቶ እበቱን የሚጥልበት ልማድ ከቀረ፥ ብዙው እንቍላል ቀንድ አውጣ ሳያገኝ ይሞታል። በመስኖ ቦይ ዳርም ውሃ የሚያንጠባጥብ ስፍራ ሁሉ አዲስ ጨፌ መሆኑን የመስኖ ሹሞች ሊያስቡት ይገባል።

ቀንድ አውጣውን ለመግደል በአገራችን የታወቀ ነገር እንዶድ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ ተመለከቱ፤ በኋላም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በዚህ ምርመራ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እርሳቸው የመረመሩት ብልሃርዝያን ነው፤ ይህም ደግሞ በሰው ጉበት ላይ የሚደርስ ሌላ የቀንድ አውጣ በሽታ ነው። የትሉ እንቍላል በደም ወደ ጉበት ሄዶ ይቀርና ጉበቱን ያጠቍረዋል፤ ሆድ በውሃ ይነፋል፥ አንዳንዱም ደም አስመልሶት ይሞታል። እንዶድ በሚፈስ ውሃ ለሚኖረው ቀንድ አውጣ ይበረታል፤ ዓሣንም ስለሚገድል በሚጠመድበት ወንዝ አይጨመርም። የጉበት ትል የምትሸከመው የደጋዋ ቀንድ አውጣ ግን ከውሃው ይልቅ በጭቃው ላይ የምትኖር ስለ ሆነች፥ ለእርሷ ከእንዶድ ይልቅ ቦይ ይሻላል።

ጥሬ ጉበት ወይም ዱለት የበላ ሰው የጉበት ትል ይይዘዋል የሚል ወሬ ይሰማል። ይህ አይደለም፤ በጉበት ውስጥ ያለው ያደገ ትል ቢበላ በሆድ ይፈጫል። ሰው የሚያዘው እንደ ከብቱ በውሃ ዳር የበቀለውን ቅጠል ጥሬውን ሲበላ ነው። ዱለት የሚወደው ሰው ሊፈራው የሚገባው ሌላ ነገር ነው፥ እርሱም ውሻው ነው።

ለበዓል በየቤቱ በግ ሲታረድ፥ በጉበቱና በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ቢገኝ፥ ተቈርጦ ለውሻ ይጣላል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ ትሉ ከአንድ ሣንቲሜትር ያነሰ ነው፥ ውሻውም አይታመምም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን እንቍላሉ ከውሻው ዐይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ በጠጕሩ፥ በግቢው አፈር፥ በውሃና በጎመን ላይ ይቀራል። ውሻውን ሲዳስስ የዋለ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ በበላ ጊዜ እንቍላሉ ወደ ሆዱ ይገባል። ከረጢቱም በሕፃኑ ጉበት ውስጥ ዓመታት ወስዶ ያድጋል፤ ልጁ ጐልማሳ ሆኖ ቀኝ ጐኑ ሲያብጥ፥ በሽታው ከዚያ ውሻ እንደ መጣ የሚያስታውስ የለም። የበግ ከረጢት ከበሬ ይልቅ አደገኛ ነው፤ በበሬ ያለው ብዙ ጊዜ ዘር የሌለው ይሆናልና።

አይስላንድ የሚባለው አገር ለዚህ ምስክር ነው። በአንድ ዘመን ሕዝቡ በዚህ በሽታ ክፉኛ ይጠቃ ነበር። ሐራልድ ክራቤ የተባለው ዴንማርካዊ ሊቅ በ1864 ምክንያቱን የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉም ለሕዝቡ ታደለ። በ1869 ደግሞ ስለ ውሾችና ከረጢት ያለበትን የሆድ ዕቃ ስለ ማጥፋት ሕግ ወጣ። ለከረጢቱ የሚሰጥ መድኃኒት በዚያ ዘመን አልነበረም። ነገር ግን የሆድ ዕቃውን ከውሻ በመከልከል በሽታው እየጐደለ ሄዶ በኻያኛው ምእት ዓመት ከአገሩ ጠፋ። በአገራችንም በየወረዳው ማረጃ አንድ አጥርና አንድ ጥልቅ ጕድጓድ ከተደረገ፥ ጕድጓዱም ውሻ ቈፍሮ እንዳያወጣ በድንጋይ ከተከደነ፥ ይህ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። በየቤቱ ለሚታረደው፥ ከረጢቱን ለውሻ ከመጣል በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል መቀቀል ወይም መቅበር ይበቃል። በበዓሉ ዋዜማ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቢነገር፥ ከማስታወቂያ ወረቀት ይልቅ ይሰማል።

ሦስተኛው ነገር ከአውድማ የሚመጣው ነው። በ2001 በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፥ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ በሕርሚ ሸለቆ፥ የማይታወቅ በሽታ ተነሣ። ሰዎች ሆዳቸውን እየታመሙ ሆዳቸው በውሃ ይነፋ ነበር፤ በአንድ ቤት ከአንድ ሰው በላይ የሚታመምበት ጊዜም ነበር፥ ብዙ ሰውም ሞተ። ተላላፊ መስሏቸው የሸሹም ነበሩ። መርማሪዎች ለዓመታት ከደከሙ በኋላ፥ ከእህል ጋር ተደባልቆ የሚበቅል አንድ አረም ተገኘ። ሊቃውንት አጌራቱም ኮኒዞይደስ ይሉታል፤ ግንዱ ጠጕራም፥ ሽታው ከባድ፥ አበባውም ጥቃቅንና ሐመር ሰማያዊ ሆኖ በራሱ ላይ የተሰበሰበ ነው። በውስጡ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ አለ። መርዙ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋል፤ ደሙ መውጫ ሲያጣ ውሃው ወደ ሆድ ይፈስሳል። ዲዲቲ የሚባለውም የተባይ መድኃኒት በሰዎቹ ደም ውስጥ ስለ ተገኘ፥ በሽታውን ሳያባብሰው እንዳልቀረ መርማሪዎቹ ጽፈዋል።

ይህ በዓለም የመጀመሪያው አይደለም። በአፍጋኒስታን በሄራት አውራጃ በጉልራን፥ ሁለት ዓመት ድርቅ ከሆነ በኋላ ከ1974 ጀምሮ እንዲሁ ያለ በሽታ ገባ። ከተመረመሩት 7,200 ሰዎች ከመቶ 22.6ቱ የጉበት በሽታ ምልክት ተገኘባቸው። ምክንያቱ ከስንዴው ጋር የተፈጨ የሄልዮትሮፕ አረም ዘር ነበረ፤ እንጀራቸው በምድጃ መጋገሩም አላዳናቸውም። በድርቅ ጊዜ ሰብሉ ሲሳሳ አረሙ ይበዛል፤ የተራበ ሰውም እህሉን አብጥሮና ነፍቶ ግማሹን ለመጣል አይደፍርም። ስለዚህ በክፉ ዓመት የሚመጣ የእህል እርዳታ ሲታደል፥ ወንፊትም አብሮ ቢታደል ትልቅ ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በሚያጠራጥር ስፍራ፥ አረሙ አበባውን ሳያፈራ ከሰብሉ መካከል በእጅ ይነቀል፤ በአጨዳም ጊዜ ከሰብሉ ጋር አይታሰር። ለዘር የሚቀመጠው እህል ከሌላው ይልቅ ተነፍቶ ይቀመጥ፤ አለዚያ ባለቤቱ በሽታውን ራሱ ለመጪው ዓመት ይዘራዋል። የተባይ መድኃኒትም በጎተራ ውስጥ ወይም እህል በሚሰፈርበት ዕቃ አይቀመጥ። በአንድ መንደር ሁለትና ሦስት ቤተ ሰብ ሆዳቸው እየነፋ ቢታመሙ፥ የወረዳው ሹም በሽተኞቹን ወደ ሐኪም ቤት ሲልክ፥ ከጎተራቸው ከየእህሉ ዐይነት አንድ አንድ እፍኝ ሳይነፋ በጨርቅ ቋጥሮ፥ ከማሳቸውም አረሙን ከነሥሩ አስነቅሎና አድርቆ፥ የማሳውን ስምና የተሰበሰበበትን ቀን በላዩ ጽፎ አብሮ ይላክ።